የዱላ አምስት

የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ ጠንቋይ ጭናለች። «ጠንቋይ አይደለም ጋሼ፣ ታሮት ነው» ትለኛለች። 78 ካርዶች አሉት፤ ጥያቄህን በልብህ ይዘህ አንዱን ስትነካ ይገለበጥና ፍቅርህ ይነበባል።

እሁድ ቡና ላይ «ለአንተና ለእትዬ ላውጣላችሁ» ብላ ነካች። አምስት ጎረምሶች ዱላ ለዱላ አጣልፈው ቆመዋል። «ውይ! የዱላ አምስት! ለፍቅር ሲወጣ ግጭት ነው፤ ፉክክር፣ አለመደማመጥ፣ አንዳንዴም ሦስተኛ ሰው።» ሚስቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች። ከሁሉም ለይታ የሰማችው ሦስተኛውን ሰው ነው።

ስልኩን ተቀብዬ ሥዕሉን መረመርኩ። ደም የለም፤ የተፈነከተም የለም። ሩራቸው ጠፍቶባቸው የሚጨቃጨቁ የገና ተጫዋቾች ነው የሚመስሉት። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ አይቆጣም፤ ሚስት ለምን ትቆጣለች? ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን የወጣውን ይህን ካርድ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ስትስለው ያሰናዳው አርተር ዌይት ራሱ፣ ልጆቹ የሚዋጉት ለማስመሰል ነው ብሎ ጽፏል። ታሮትም ቢሆን በ15ኛው መቶ ዘመን ሰሜን ጣልያን ውስጥ ሲጀመር ተራ የካርታ ጨዋታ ነበር፤ ትንቢት መናገር የለመደው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ለሚስቴ አስረዳሁ። «ሦስተኛዋ ማን ናት?» አለችኝ።

ሸማኔው ጎረቤታችን ለቶናው ደረሱ። ሠፈራችን ቁስቋም ሸማኔ አይጠፋም፤ እሳቸው ግን ከመወርወሪያው ሌላ አውደ ነገሥትም ይዘዋል። «የፈረንጅ ካርታ ምን ያውቃል!» ብለው የእኛንም የእናቶቻችንንም ስም ጠየቁ፤ ፊደሉን በቁጥር ደመሩና ለ12 ገደፉ። ለእኔ 5 ተረፈ፤ አሰድ፣ እሳት። ለእሷ 4፤ ሸርጣን፣ ውሃ። «እሳትና ውሃ! እስካሁን እንዴት አብራችሁ ኖራችሁ?»

«የዱላ ካርድም ባሕርዩ እሳት ነው!» ብላ የእህቴ ልጅ ጮኸች። ታሮቱም ለካ እንደ አውደ ነገሥቱ ለእሳት፣ ለውሃ፣ ለነፋስና ለመሬት የተከፋፈለ ነው። አሁን እሳቸው ስልኩን፣ እሷ መጽሐፉን ማክበር ጀመሩ። የንስሐ አባታችን ቢደርሱ ሁለቱንም ባወገዙ ነበር፤ ደግነቱ አልመጡም።

ሚስቴ ግን «ውሃ» ሲባል ሦስተኛዋን ሴት እርግፍ አድርጋ ተወቻት። «በሉ ጠቡ ተገኘ» አለች።

እውነቷን ነው። እኛ ዳገት ላይ ነን፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ከታች ያለው ሠፈር ቀድቶ፣ አጥቦ፣ ጠግቦ እስኪተኛ ወደ እኛ አይወጣም። ሲመጣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ቀጥሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ቀጭን ውሃ ያወርዳል። ያንን ሳል የሰማ ይነሳል፤ እኔ አልሰማም። ሚስቴ ደግሞ ሳሉ ሲጀምር ማንኮራፋቴ እንደሚጨምር ለምስክር ያህል ነግራ አሳመነቻቸው። ስልኩን ተቀብላ ጎረምሶቹን በጣቷ ቆጠረች። «አምስት ጀሪካን ነው ያለን። ይኸው፣ አምስቱም ባዷቸውን ቆመዋል።»

ከዌይት ወዲህ ይህን ካርድ እንዲህ የፈታው ያለ አይመስለኝም።

«እንግዲያው ዛሬ ሌሊት ይመጣ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለቻት። ልጅቷ ነካች። «ኮከብ» የተባለው ካርድ ወጣ፤ አንዲት ሴት ተንበርክካ በሁለት እጇ ከሁለት ማሰሮ ውሃ ታፈሳለች። ሸማኔው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ልጅቷም «ተስፋ ነው!» አለች።

ሚስቴ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። «አየህ? በፈረንጅ አገርም የምትነሳው ሴቷ ናት።»

«ግን እኮ ራቁቷን ናት» አልኩ፣ ወሬ ለማስቀየር።

«ከዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ ተነስታ መቼ ትልበስ?»