ለነፃው አጫሽ የተሰጠ ምክር

ወንድሜ፣ በሲጋራህ የመጣብህ ሰው በመብትህ መጥቶብሃልና ዝም እንዳትል። ሳንባው የራስህ፣ ገንዘቡም የራስህ ነው። ጭሱ ብቻ የጋራ ነው፤ እሱንም ለማንም ሳትነፍግ ታካፍላለህ።

ሕጉን ግን እወቀው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ፣ በሥራ ቦታና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ከልክሏል። ደጅ ብትወጣ እንኳ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ራቅ ይልሃል። በአዲስ አበባ ከአንድ ካፌ በር 10 ሜትር ከራቅህ የሌላ ካፌ በር ላይ ትደርሳለህ፤ ስለዚህ ባለህበት መቀመጡ ይሻላል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጨሰን ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ዛሬ የምትመጣብህ አስተናጋጇ ናት፤ እሷም «መተርኮሻ ላምጣልዎት?» ለማለት ነው።

ዋናው ጥበብ የጎረቤት ምርጫ ነው። ይሉኝታ ያለበት ሰው አጠገብ ተቀመጥ። ጭሱ ሲደርሰው ወንበሩን ቀስ ብሎ ያዞራል፤ ማኪያቶውን በመዳፉ ይከድናል፤ ሁለት ሦስቴ ያስላል። ዓይን ለዓይን ስትገጣጠሙ ግን «ኧረ ችግር የለም፣ ተጫወት!» ይልሃል። ፈቃድ ማለት ይኸው ነው፤ ሁለተኛውን ለኩስ።

እኅቴ፣ ይህ ምክር ላንቺ አይሠራም። አንቺ የለኮስሽ እንደሆነ ካፌው በሙሉ ባንድ ጊዜ የጤና ባለሙያ ይሆናል። ወንድማችንም ጭሱን በአፍንጫው እያወጣ «ምነው፣ በሴትነቷ!» ይላል።

አንድ አደጋ ብቻ አለ። የአባትህ ጓደኛ በመንገዱ ብቅ ያሉ እንደሆነ ስለ ነፃነት የምታወራበት ጊዜ አይደለም። ሲጋራውን ወደ መዳፍህ አጥፈህ፣ እጅህን ከኋላህ ደብቀህ ብድግ በል። «እንደምን ዋሉ ጋሼ?» ስትል አፍህን ብዙ አትክፈት። ሲጋራውን የሸጠልህ ጀብሎ ማስቲካም አለው፤ አስቀድመህ ግዛ። ጤናው፣ ልጆቹ፣ የዝናቡ ነገር ተጠያይቆ እስኪያልቅ ጣትህ ቢለበለብም ቻለው። 40 ዓመት ሞልቶህ የሦስት ልጆች አባት ብትሆንም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ስታደርግ ያ ሲያስል የነበረው ሰውዬ እንዳያይህ ብቻ ተጠንቀቅ። አዋጅ ያላስነሣህን አንተን፣ ጋሼ በሰላምታ እንዳስነሡህ ከገባው፣ ነገ ማኪያቶ ጋብዞ አጠገቡ ያስቀምጣቸዋል።