ለአያ ቦይለር የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኞች ሆይ፣ ንፍሮው ሳይቀዘቅዝ አጠር አድርጌ ላንብብ።

አያ ቦይለር፣ ባለ 50 ሊትሩ፣ የደብረ ማርቆሱ ቤታችን መታጠቢያ ክፍል ነዋሪ፣ ባደረባቸው ድንገተኛ መሰንጠቅ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ትውልዳቸው ባሕር ማዶ፣ ኑሯቸው ግድግዳችን ላይ ነበር። ደግነታቸውን፣ ሰው አክባሪነታቸውንና የመሳሰለውን ስለምታውቁት አልፈዋለሁ። ሌላም የምታውቁት ነገር አለ፦ ያንጠባጥቡ ነበር።

ማንጠባጠብ ቢሏችሁ ማንጠባጠብ! የከተማው ቧንቧ ደርቆ ሰው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት፣ እሳቸው ማብሪያቸው ከተጫነ ጠብ... ጠብ... ከሥራቸው የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ ማን ምን አላቸው? እንግዳ አድሮ ሲነሳ “ጣራችሁ ያፈሳል እንዴ?” ይለናል። እኛም እያፈርን “አይ፣ አያ ቦይለር ናቸው” እንላለን። ጨዋ ሰው እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል?

አሁን አስከሬናቸው ፊት ስለቆምን እውነቱን እንነጋገር። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል። 50 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 70 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ብረቱ ግን ለዚያ ትርፍ ቦታ የለውም። በመጣበት እንዳይመለስ ደግሞ ሴፍቲ ቫልቩ መንገዱን ዘግቶበታል። ስለዚህ በቫልቩ አፍ ጠብ ይላል። የምንስቅበት ጠብታ ለካ ትንፋሻቸው ኖሯል።

ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ቤታቸውን የሚያሞቁበት ቦይለር ለዚህ መላ አለው፤ ኤክስፓንሽን ቬስል ይሉታል። እኛም ከውሃ ፓምፕ አጠገብ ወንድሙን እናውቀዋለን፣ ያንን ቀዩን ድቡልቡል ብረት። መሐሉን ላስቲክ ይከፍለዋል፤ ባንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ። ውሃው ሲያብጥ ላስቲኩ ወደ አየሩ ይገፋል፣ ምንም አይንጠባጠብም። ላስቲኩ የተቀደደ ቀን ግን ባለሙያው የአየር መንፊያውን ጫን ሲያደርገው በአየር ፈንታ ውሃ ይተፋበታል። ያኔ ዕቃው ሞቷል፤ ይቀየራል እንጂ አይታከምም። አያ ቦይለር ይህን ቅንጦት አላገኙም። የነበራቸው ያቺ ቀዳዳ ብቻ ናት።

ያቺንም አንድ ሰው ወተፈባቸው።

ስሙን አልጠራም። ጠብታው እንቅልፍ የነሳው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ፣ እንጨት ጠርቦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በቫልቩ አፍ ሰካና “ይኸው፣ ገላገልኳችሁ” አለ። ጸጥታ ሆነ። አመሰገንነው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ያ ትርፍ ሊትር መውጫ አጥቶ የብረቱን ሆድ ሲነፋውና ሲያረግበው ከርሞ፣ የውስጥ ልባሱ ተሰነጠቀ፣ ዝገት ገባ፣ በመጨረሻ የብየዳው መገጣጠሚያ ለቀቀ። ቴርሞስታታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ታማኝ መሆኑን አመስግኑ፤ እሱም ዐይኑን ቢጨፍን ኖሮ ዛሬ የምንቀብረው ቦይለር ብቻ ባልሆነ።

ለአንድ ቦይለር ለምን ይለቀሳል ብትሉ፣ ብርዳችንን አስቡ። አዲስ አበቤ ከተማውን በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ ዳር ቆርቁሮ ተገላገለ። መንቆረርን፣ የዛሬዋን ደብረ ማርቆስ፣ የመረጡ አባቶቻችን ግን ከ2400 ሜትር በላይ ወጥተው፣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደውን ብርድ አይተው፣ “እዚህ ይሁን” አሉ። የኅዳር ውርጭ ገና ሳይለቅ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናታችን ከሰል ማንደድ ቀርቶላት፣ በሩን ዘግታ፣ ሙቁ ውሃ ወገቧ ላይ ሲወርድ “እሰይ... እሰይ...” ስትል ከውጭ እንሰማ ነበር። ያንን ድምፅ ከሰማሁ ሳምንት አለፈኝ። ትናንት ድስት ጥዳ አየኋት። በዚህስ መቀለድ አልቻልኩም።

አዲሱ ነገ ይሰቀላል። ከቫልቩ አፍ ቀጭን ቱቦ ተያይዞለት ወደ ወለሉ ፍሳሽ ይወርዳል፤ የፈለገውን ያህል ያንጠባጥብ፣ ጀሪካኑም ጡረታ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ሁለት ክንድ የማይሞላ ቱቦ ብቻ ያስፈልግ ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ቆራሌው በር ላይ ቆሞ ስለ ኪሎ እየተከራከረ ነው። ውስጣቸው ገና ውሃ ስላለ ለማንሳት ጎልማሳ እንፈልጋለን። ያ እንጨት ጠራቢም እዚሁ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል፤ እሱ በታች በኩል ይያዝ፣ ከባዱ እዚያ ነው።