ስምንት ዲግሪም ሙቀት ሆነና!

የልጄ ቤት ስቶክሆልም ዳርቻ፣ አለት ላይ ነው የተሠራው። ጓሮው ሽንኩርት እንኳ የማያበቅል ግራናይት። «አባዬ፣ ቤቱን በምድር ሙቀት ልናሞቀው ነው» ሲለኝ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያስወረደው ፍልውሃ ትዝ ብሎኝ ፎጣ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ምን ፍልውሃ አለ! የምድሩን ሙቀት የሚለቅመውን ቱቦ አግድም እንዳይቀብሩት አፈሩ ስንዝር አይሞላም፤ ስለዚህ ቁልቁል 200 ሜትር! መጀመሪያ የብረት ቧንቧ አለቱ ውስጥ ተከሉ፤ ከዚያ በአየር ግፊት የሚመታ መዶሻ ለቀቁበት። የጉድጓዱ አፍ 11 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ጩኸቱ ግን ሰማይ ይበሳል። የተፈጨው ድንጋይ ግራጫ ጭቃ ሆኖ እየተፈናጠረ ያሰጣሁትን ጋቢ ሲሚንቶ አስመሰለው።

ደግሞ ውሃ ወጣ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በእኛ አገር ቁፋሮ ውሃ ሲመታ በግ ይታረዳል፤ እነዚህ ዞር ብለውም አላዩት። የአለቱን ሙቀት ለቱቦው እንዲያሻግር እዚያው ይተኛ አሉ። ማንም አይቀምሰውም።

ወርዶ ታጥፎ የሚመለሰውን የፕላስቲክ ቱቦ ደግሞ በምን ሞሉት? ውሃ በተቀላቀለ አልኮል! በረዶ እንዳይሆን ነው አሉ። ሰው እንዳይጠጣውም ሆን ብለው አበላሽተውታል። እኔን ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ አለት ይጠጣል።

«ታዲያ ስንት ዲግሪ አገኛችሁ?» ብል «ስምንት ገደማ»። ስምንት! ደብረ ብርሃን ላይ በስምንት ዲግሪ ሰው ጋቢ ደርቦ ጥርሱን ያፋጫል፤ እዚህ ተከፍሎበት ይቆፈራል። ልጄ «የተገለበጠ ፍሪጅ በለው አባዬ፣ ማሽኑ ከዚያ ቅዝቃዜ ሙቀት ጨምቆ ያወጣል፤ አንድ እጅ መብራት በልቶ ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል» አለኝ። አንድ ሰጥቶ ሦስት መቀበል በእኛ ዘመን አራጣ ይባል ነበር።

ቤቱ ሞቀ፣ አልዋሽም። ግን እሳቱ የታል? እግር የሚዘረጋበት፣ በቆሎ የሚጠበስበት? ጥግ ላይ የቆመ ነጭ ሳጥን ብቻ ያጉረመርማል፤ ለማጉረምረም እኔ አንሼ ነው?

አሁን ደግሞ ጎረቤቱ ሊያስቆፍር ነው። ጉድጓዶች ሲቀራረቡ ሙቀት ስለሚሻሙ 20 ሜትር ይራራቁ የሚል መመሪያ አለ። አጥሩ ሥር ወርጄ በእርምጃ ስለካ ልጄ አፍሮ ቤት ገባ። ይፈር! በወሰን ክርክር ያደግሁ ሰው ነኝ። መዶሻውን ዘንበል አድርገውም ይቆፍራሉ አሉ፤ ሰውዬው አዘንብሎ አልጋዬ ሥር ቢደርስ ማን ያየዋል?