የበረንዳ ሙዝ እሮሮ

በረንዳው ላይ ሙዝ ያበቀለ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሁሉ ይህን ምሬት ያውቀዋል። ክረምቱን ለምልሞ የከረመው ቅጠል በጋው ሲጠና ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይገረጣል፤ ገልብጠው ሲያዩት ስስ ድር አድርቶበታል። ቀይ ሸረሪት ነው። ዓይን በጭንቅ የሚለየው ይህ ባለ 8 እግር ተባይ ሙቀትና ደረቅ አየር ካገኘ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ትውልድ ይተካል። ማሳ ላይ ያለውን ሙዝ ዝናብ ያጥበዋል፣ ተባዩን የሚበሉ ነፍሳትም አሉለት። የእኛው ከጣሪያ ሥር ቆሞ ይህንንም ያንንም አጥቷል።

ጥጥ የመሰለው ነጭ ተባይ ደግሞ ይብሳል። የሙዝ ግንድ የምንለው እርስ በርሱ የተደራረበ የቅጠል እግር ነውና በየድርቡ ይሸጎጣል። የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣል፣ የሚያጣብቅ ጣፋጭ ነገር ያንጠባጥባል፤ በዚያ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ጣፋጩን የፈለገ ጉንዳን ይመጣና ተባዩን ከጠላቶቹ ይጠብቃል፣ ከተክል ተክልም ያዛምታል። ጉንዳኑን ሳያስወግዱ ተባዩን ማጥፋት ድካም ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ምክሩ ነው። ለማንም ብንነግር መልሱ «ማላታይን እርጩበት» ነው። የጎረቤት ልብስ በተሰጣበት፣ ሕፃን በሚድህበት በረንዳ ላይ የእርሻ መርዝ! ያውም ምልክትና መመሪያ በሌለው የውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ። ሌላው «የልብስ ዱቄት ሳሙና በጥብጡበት» ይላል፤ ይህም ቅጠሉን ያቃጥላል። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የገባበት ውሃ ይሠራል፤ የሚገድለው ግን የነካውን ብቻ ነው፣ እንቁላሉን አይነካም። ስለዚህ በየ5 ወይም በየ7 ቀኑ የቅጠሉን ሆድ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። ያን ሁሉ ደክመን ስናበቃ፣ የጎን በረንዳው ተክል ሳይታጠብ ስለቀረ ተባዩ ተመልሶ ይመጣብናል።

ብዙው ጣጣ ደግሞ ከችግኙ ጋር ተገዝቶ የገባ ነው። መንገድ ዳር ስንገዛ ቅጠሉን ገልብጦ የሚያሳየን የለም። የሙዝ የቅርብ ዘመድ የሆነውን እንሰት የሚያመርቱ የጌዴኦና የሲዳማ ገበሬዎች ይህን መከራ ያውቁታል፤ የእንሰቱን ሥር የሚያጠቃው ነጭ ተባይ ከማሳ ማሳ ከሚዛመትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የተበከለ ችግኝ ነው።

ችግኝ የምትሸጡ ወገኖች፣ እባካችሁ ተባይ የያዘውን ለይታችሁ አስቀሩልን። ገዢዎችም ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ቅጠሉን ገልብጠን፣ ግንዱን ፈትሸን እንይ፤ አዲሱን ተክል 2 ወይም 3 ሳምንት ለብቻው እናቆየው። ጎረቤቶች ሆይ፣ መርዙን ትተን በአንድ ሳምንት አብረን እንጠብ። አንዱ አጥቦ አንዱ ከተወ የሁላችንም ድካም ከንቱ ነው።