ላለመማታት የሚከፈል ወርሃዊ ክፍያ

ኧረ እናንተዬ፣ በሐይቅ ከተማ ሽማግሌ የሚተኛበት ዘመን አለፈ። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጓሮዬ «ሀና! ዱል! ሴት! ኔት!» የሚል ጩኸት ይነሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሀና የምትባል ልጅ ጠፍታ የምትፈለግ መስሎኝ ነበር። ለካስ የልጅ ልጄ በኮሪያ ቋንቋ እየቆጠረች አየር ትረግጣለች! አምባሰልን የሚያህል ቅኝት ያፈለቀ አገር ልጅ በራሷ ቋንቋ ብትቆጥር ምን ነበረበት? ጎረቤቴ ሼኹ ግን «አብሽር» ይሉኛል፤ እሳቸው ለሱብሂ ሶላት ቀስቃሽ አግኝተዋል።

ጉዱ ቴኳንዶ ይባላል። ከኮሪያ ጋር ጠብ የለኝም። የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በ1943 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው ሲዘምቱላቸው፣ ለዚህ እርግጫ ይህ ስም እንኳ ገና አልወጣለትም ነበር። የኛዎቹ ሲዋጉ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። አሁን ኮሪያዎቹ በተራቸው አንድ ጥይት ሳይተኩሱ ጓሮዬን ማረኩት።

ዶቦክ የሚሉት ነጭ ልብስ አላት። ጭቃ ላይ ትወድቅበትና ራሷ ታጥበዋለች፤ ሳህን እጠቢ ሲሏት ራሷን የሚያማት ልጅ! ቀበቶው ከነጭ ወደ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ እስከ ጥቁር ይሄዳል፤ በየፈተናው ብር አለ። በእኛ ጊዜ ቀበቶ ሱሪ መያዣ ነበር፤ አንድ ከተገዛ ለልጅ ይተርፋል።

አንድ ማለዳ በአንድ እግሯ ቆማ አገኘኋት። ሚዛን መጠበቅ ነው አለችኝ። በአንድ እግር መቆም ለእኛ አዲስ ነው እንዴ! አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚሁ ከሐይቃችን፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተምረው ነው በኋላ በደብረ አስቦ አንድ እግራቸው እስኪሰበር በጸሎት የቆሙት። ጥር 24 የምናከብረው ይህንኑ ነው። ገድላቸው እንደሚለው ከዚያም ወዲያ በቀረው እግራቸው ቆሙ እንጂ አረፍ አላሉም፤ ቢጫ ቀበቶ የሸለማቸውም የለም። ይህን ሁሉ ስተርክላት እግሯን ሳታወርድ «አባባ፣ ቆጠራዬን አሳቱኝ» ብላ እንደገና ከሀና ጀመረች።

ኦሊምፒክም አለው ትለኛለች፤ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ በቴኳንዶ ተወዳድሯል። ይሁን፤ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ወርቅ ሲያመጣ ማንንም አልረገጠም።

የባሰው ሌላ ነው። ባለፈው ከገበያ ስንመለስ አንድ ጎረምሳ ሰደባት። እኔ ከዘራዬን አስተካክዬ ጥግ ያዝኩ፤ ያ ሁሉ ክፍያ ዛሬ ሊመለስ ነው ብዬ። ልጅቷ ዝም ብላ አለፈች! ዱሮ በእንዲህ ያለ ስድብ ሦስት ቀን እህል የማትቀምስ አልቃሻ ነበረች።

«ምነው? የተማርሽውን መቼ ልታወጪው ነው?»

«ላለመማታት እኮ ነው የምንማረው፣ አባባ።»

ላለመማታት! እኔ ያለ አሰልጣኝ፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ፣ ሰው ሳልመታ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። የማይመታው ሰው ይኸውና፤ የምትመታው የእኔን ንብረት ነው። ጣውላ መስበር ከትምህርቱ አንዱ ነው ብላ የዶሮ ቤቱን መዝጊያ ሳንቃ ለሁለት ከፈለችው። ዶሮዎቹ ጎረቤት አደሩ።

የአረንጓዴ ቀበቶ ፈተና የወደቀች ዕለት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ ብዬ ነበር። ይህች ልጅ ስፌት ጀምራ በሳምንቱ መርፌውን የጣለች፣ ክራር ጀምራ ጣቴን አመመኝ ብላ ግድግዳ ላይ ያስቀረች ናት። ሲመሽ ዓይኗ አብጦ፣ እራት ሳትበላ ተኛች። ቡናዬን ጠጥቼ እኔም በሰላም ጋደም አልኩ። በበነጋው ጎህ ሳይቀድ «ሀና! ዱል!»፤ ያውም ከወትሮው ቀድማ! አሰልጣኙ የግራ እግርሽ ይደክማል ብሏታል አሉ፤ እናም አሁን በግራው ብቻ ትረግጣለች። ስትወድቅ ከጭቃው ድረስ ይሰማኛል፤ ስትነሳም ይሰማኛል፤ ከዚያ ቆጠራው ከመጀመሪያው። ስታልፍ ያስጨንቃል፤ ስትወድቅ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ምን ተብሎ ይመከራል?

ተስፋ እንደማትቆርጥ ስላወቅሁ እኔ ቆርጫለሁ። ክፍያውንም እከፍላለሁ። አሰልጣኙን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለሚቀጥለው ፈተና ሳንቃውን ከራሱ ቤት ያምጣ።