እነሆኝ፣ ዳላስ ላከኝ

የሰማይ ካርታ በጣም ጠባብ ሳይሆን አይቀርም። ከአዲስ አበባ ተነሥተው «ለወንጌል አገልግሎት» ባሕር የሚሻገሩትን ወዴት እንደተላኩ ብትጠይቋቸው መልሱ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል፦ ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ ላስ ቬጋስ፣ ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ። በራዕይ ንጃሜናን ያየ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ስለ ሞቃዲሾ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ፣ «ለኑዋክሾት ሸክም አለብኝ» ብሎ ያለቀሰ ነቢይም አልሰማሁም። መንፈስ እንደ ነፋስ ነው፣ የሚሄድበት አይታወቅም ሲባል እንሰማለን፤ የኛው ግን በቦሌ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው።

ይህን ስል የአሜሪካን ጭንቅ ያቃለልኩ እንዳይመስላችሁ። አገሪቱ በመገበያያ ገንዘቧ ላይ ሳይቀር «በእግዚአብሔር እንታመናለን» ብላ አትማለች። ዳላስ ያለችበትን የደቡብ ምድር ደግሞ ነዋሪዎቹ ራሳቸው «የመጽሐፍ ቅዱስ ቀበቶ» ይሉታል። በአንድ እሑድ በሺዎች የሚቆጠር ምዕመን የሚያስተናግዱ፣ ሰፈር የሚያህል የመኪና ማቆሚያ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ሞልተውበታል። እንግዲህ ወንጌል ያልደረሰበት ጨለማ ምድር ይህ ካልሆነ የትኛው ሊሆን ነው?

ነገሩ የአንድ ቤተ እምነት ብቻም አይደለም። ፕሮቴስታንቱ «ጥሪ» ሲለው ኦርቶዶክሱ «ሐዋርያዊ ጉዞ» ይለዋል። በዶግማ አንድ መሆን ያቃታቸው ሁሉ በኤምባሲው ሰልፍ ላይ ፍጹም አንድነት አላቸው።

የጥሪው ማረጋገጫም ከድሮው ይልቅ ግልጽ ሆኗል። በቀደመው ዘመን ሰው ጥሪውን ለመለየት ሱባኤ ይይዝ፣ አባቶችን ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ መስኮት ላይ ቆሞ አሻራ ይሰጣል። የቀጠሮው ሳምንት ጾም ጸሎት ይታወጃል። ቪዛው ከተመታ «እግዚአብሔር በሩን ከፈተ» ተብሎ እልል ይባላል፤ ከተከለከለ ዲያብሎስ ቆንስላውን ተጠቅሟል። ወደ ጂንካ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ አገልጋይ ግን የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ስለሚበቃው ምን ምስክርነት ይኖረዋል? ያልተዘጋ በር እንዴት ይከፈታል?

ከዚያ ሽኝቱ ይመጣል። አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ኬክ ይቆረሳል፤ ኮሚቴው ለትኬትና «ለመቋቋሚያ» ገንዘብ ያሰባስባል። ጉልት ቲማቲም የምትቸረችር እናት ከመቀነቷ ፈትታ የድርሻዋን ትጥላለች። የአሜሪካ ነፍስ እንዳይጠፋ እርሷም ተጨንቃለች።

መንፈሳዊው ጥሪ ከኢሚግሬሽን ሕግ ጋር ያለው ስምምነትም ያስደንቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለሃይማኖት ሠራተኞች የሚሰጠው አር-1 የተባለው ቪዛ መጀመሪያ እስከ 30 ወር ይፈቅዳል፤ ቢራዘም ቢራዘም ከ5 ዓመት አያልፍም፤ በሳምንትም በአማካይ ቢያንስ 20 ሰዓት ማገልገልን ይጠይቃል። ጥሪውም በዚሁ ልክ ተሰፍቶ ይመጣል። ቀነ ገደቡ ሊደርስ ሲል ደግሞ አዲስ ራዕይ ይገለጣል፤ ቀለሙም አረንጓዴ ነው። ካርዱ ከተገኘ በኋላ ያ ሁሉ ሸክም ወዴት እንደሚራገፍ የሚጠይቅ የለም።

ለጊዜው ግን ሐዋርያው ዳላስ ደርሷል። የሚያገለግልበት አዳራሽ የአሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነርሱ ጠዋት ጸልየው ሲወጡ ሐበሻው ከሰዓት በኋላ በኪራይ ይገባበታል። ወደ አሜሪካ የተላከው ሚሽነሪ ከአሜሪካዊ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እንግዲህ የአዳራሹን ቁልፍ ሲረከብ ነው። ስብከቱ በአማርኛ፣ መዝሙሩ በአማርኛ፣ ማስታወቂያው በአማርኛ ነው። እዚያው ተወልደው አማርኛ የማይሰሙት ልጆች ምድር ቤት ወርደው ሥዕል ይቀባሉ። የአሜሪካ መስክ ማለት እነርሱ ነበሩ፤ ለእነርሱ ግን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፣ ራዕዩ ደግሞ ስለ እንግሊዝኛ ምንም አላለም።

ፍሬው ግን ፈጥኖ ይታያል። አንድ የነበረው ጉባኤ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ይሆናል፤ አገልጋዩ ከቦርዱ ይጣላል፣ ግማሹ ምዕመን ተከትሎት ከመንገድ ማዶ ሌላ አዳራሽ ይከራያል። ወደ አገር ቤት በሚላከው ሪፖርት ላይ ይህ «አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተከላ» ተብሎ ይጻፋል። አንድም ነፍስ ሳይጨምሩ ቁጥርን እጥፍ ማድረግ መቼም ከተአምር አይተናነስም።

የቀደሙት ሰዎች ይህ ጥበብ አልተገለጠላቸውም ነበር፤ አቅጣጫ ይሳሳቱ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን ፍሬምናጦስና ወንድሙ ከአክሱም ቤተ መንግሥት ተሰናብተው ወደ አገራቸው ለመመለስ ነጻ ሲወጡ፣ ወንድሙ ወደ ጢሮስ ገባ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክ ለመነ፤ ፓትርያርኩ አትናቴዎስም እርሱኑ ሾሞ መለሰው። እርሱም «እኔ እዚሁ ላገልግል» አላለም፤ ያን ሁሉ መንገድ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ቢሆን ኖሮ እስክንድርያ ላይ ጥገኝነት ይጠይቅ ነበር።

ኦነሲሞስ ነሲብም ያው ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ይህ ሰው ስዊድን ተልኮ ተማረ። ስዊድን! እዚያው ስቶክሆልም ቁጭ ብሎ ስለ ወለጋ ሸክም በየመድረኩ ማልቀስ ሲችል፣ በ1881 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሣ። መንገዱ አልሆነለትም። በር እየተዘጋበት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እነ አስቴር ጋኖም አገዙት፤ ትርጉሙ በ1899 ታተመ፤ እርሱ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ጉዞ፣ ያውም ከአውሮፓ ወደ ነቀምት! ቄስ ጉዲና ቱምሳ ደግሞ የባሰ ነገር ሠሩ። የደርግ እስር ከአንዴም ሁለቴ ደርሶባቸው፣ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው፣ ምዕመኔን ትቼ አልሄድም አሉ። በ1979 እ.ኤ.አ. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አንድ ደህና አማካሪ ቢኖራቸው ኖሮ ያንን ዕድል «የተከፈተ በር» ብሎ በተረጎመላቸው ነበር።

እስቲ ደግሞ ማንም ስላልሸኛቸው እናውራ። በ2011 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጅዳ ውስጥ በአንድ መኖሪያ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ 35 ኢትዮጵያውያን ተያዙ፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ለወራት ታስረው ከአገር ተባረሩ። ነገሩ የታወቀው ሂዩማን ራይትስ ዎች ስለጮኸላቸው ነው። ባነር አልተሰቀለላቸውም፣ ኬክ አልተቆረሰላቸውም፣ ሚሽነሪ ብሎ የጠራቸው የለም። በየባሕረ ሰላጤው አገር ፓስፖርታቸውን አሠሪ ይዞባቸው፣ ዕረፍት ባገኙባት ቀን በጠባብ ክፍል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚዘምሩት የሰው ቤት ሠራተኞች ነቢይም ሐዋርያም አይደሉም። ስለ እነርሱ ሸክም የተሰማው አገልጋይ ሊኖር ይችላል፤ ለሪያድ ቪዛ ግን ጾም ጸሎት ሲታወጅ አልሰማሁም። ለነገሩ ሪያድ ኮንፈረንስ የለም፤ የፍቅር ስጦታም በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ አይገባም።

«አሜሪካ ያለው ሐበሻስ ነፍስ የለውም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለው እንጂ። ሌሊት ሲነዳና ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ ጠዋት ባዶ አፓርታማ የሚገባ ሰው ካህንም መጋቢም ያስፈልገዋል። ይህንን በቅንነት የሚያደርጉ፣ በሥራ ቀን ጋሪ እየገፉ እሑድ የሚያስተምሩም አሉ፤ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር። እነዚህ ግን ሲሄዱ «ኑሮ ፍለጋ ሄድኩ» ብለው ነው የሄዱት። ኑሮ ፍለጋ መሰደድ ነውር አይደለም፤ ከየቤታችን አንድ ሰው ያላሰደደ ማን አለ? ነውሩ የራስን ፍላጎት እግዚአብሔር እንዲፈርምበት ማድረጉ፣ ወጪውን ደግሞ ለጉልት እናት ማስተላለፉ ነው።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ አለችኝ። የአሜሪካ ሕግ እንኳ ያንን የሃይማኖት ሠራተኞች ቪዛ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ለ2 ዓመት የቤተ እምነቱ አባል ሆኖ እንዲቆይ ይጠይቃል። አብያተ ክርስቲያናቱም በበኩላቸው የ2 ዓመት የኦሞራቴ አገልግሎት ይጠይቁ። ሙቀቱን ችሎ፣ የዳሰነችን ቋንቋ ተምሮ፣ ያለ ባነርና ያለ ካሜራ አገልግሎ ሲያበቃ ጥሪው አሁንም ዳላስ ዳላስ ካለው፣ በእርግጥ ከሰማይ ነው ብለን እንመርቀዋለን። ትኬቱን ግን ራሱ ይቁረጥ። ዮናስም ነነዌን ሸሽቶ ወደ ተርሴስ ሲኮበልል የመርከቡን ዋጋ የከፈለው ከገዛ ኪሱ ነው።