አበዳሪዬ ይሉኝታ

ወሩ በገባ በ23ኛው ቀን፣ ኪሴ ውስጥ ከታክሲ መሳፈሪያ በቀር ምንም በሌለበት ሰዓት፣ አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ደወለ። ሰላምታው ረዘመ። ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቀ፣ እናቴን ጠየቀ፣ አምና የሞተውን ውሻችንን ሳይቀር ጠየቀ። ሰላምታ ሲረዝም ምን እንደሚከተል የማያውቅ ደመወዝተኛ ያለ አይመስለኝም። "ስማ እንጂ፣ ሁለት ሺህ ብር ይኖርሃል? እስከ ደመወዝ ነው።"

የለኝም ማለት እችል ነበር። እውነትም አልነበረኝም። ግን "የለኝም" የምትለው ቃል የምታምረው ያለው ሰው ሲላት ነው፤ የሌለው ሰው ካላትማ እውነቱ ታወቀበት ማለት ነው። ስለዚህ "ምን ችግር አለ፣ አሁኑኑ እልክልሃለሁ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ዘግቼም በዚያው ስልክ ሁለት ሺህ ብር ተበደርኩ። የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦ ሲደርሰኝ ጎደለ። ጎዶሎውን ከባለሱቃችን ለምኜ ሞላሁና ሁለት ሺዋን ሳትሸራረፍ ላክኋት። "ተባረክ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር!" አለኝ። ያን ቀን ቁመቴ አንድ ስንዝር የጨመረ መሰለኝ።

ስለ ቤተሰብ ዕዳ የሚመክሩን ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ወጪህን መዝግብ፣ ማኪያቶ ቀንስ፣ ከደመወዝህ ላይ ከመቶ አሥሩን አስቀምጥ ይሉናል። ምክሩ ክፋት የለውም፤ አበዳሪያችንን ግን አያውቀውም። ትልቁ አበዳሪያችን ባንክ አይደለም፣ ባለሱቅ አይደለም፣ አራጣ አበዳሪም አይደለም። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ መያዣ አይጠይቅም፣ ዋስ አያስጠራም፣ ማመልከቻ አያስሞላም፣ በበዓል ቀንም በሩ ክፍት ነው። ዕዳ እንዳለብን እንዳይታወቅ የምንገባውን ዕዳ ሁሉ የሚሸፍንልን እሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ለጋስ እስከ ዛሬ አንድ የምስጋና ደብዳቤ እንኳን አለመጻፉ ያሳፍራል፤ እኔ ልጻፍለት።

ተራውን ጠብቆ የሚወስድ ጨዋ መሆኑን ለማሳየት ግን ከእሱ በፊት የሚወስዱትን ላስቀድም። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የነጋዴዎችን መዝገብ እዘጋለሁ። (የራሴ እንደተከፈተ ነው።) ደመወዜ በወረቀት 18,000 ብር ነው። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎልናል፤ ከ14,000 በላይ ያለው ላይ ግን 35 በመቶ ያርፍበታል። ግብሩ 4,250 ብር፣ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ 1,260 ብር ይሆናል። እጄ የሚገባው 12,490 ነው። ጡረታውን ስወደው! ለማንም አበድሬው የማላውቀው ብሬ እሱ ብቻ ነው፤ እጄ ስለማይደርስበት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ሕግ አውጪው የሠራተኛው ልጆች ጦማቸውን እንዳያድሩ አስቦ ያወጣው መልካም ሕግ ነው። አሠሪዬም ያከብረዋል። የቀረውን ሁለት ሦስተኛ የምቆርጠው ራሴ ነኝ።

ለምሳሌ ባለፈው አራት ባልደረቦች ሆነን ምሳ ወጣን። አራታችንም የመሥሪያ ቤታችን የብድርና ቁጠባ ማኅበር ባለዕዳዎች ነን፤ አንዳችን የሌላችን ዋስ ስለሆንን የማን ኪስ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ከሚስቶቻችን በላይ እናውቃለን። ጥብሱ አለቀ፣ ሒሳብ መጣ። "ወዲህ አምጪው!" "በፍጹም! እኔ እያለሁ?" "ሞቼ ልገኝ!" "አፈር ስሆን!" አንዱ የአስተናጋጇን እጅ ያዘ፣ ሌላው ወረቀቱን ቀማ፣ ሦስተኛው ተነሥቶ ወደ ካሸሯ ሮጠ። ለማያውቅ ሰው ፖሊስ የሚያስጠራ ጠብ ነው። የተሸነፈው አትርፎ፣ ያሸነፈው ከስሮ የሚወጣበት ሌላ ስፖርት ካለ ይነገረኝ። ያን ቀን አሸነፍኩ፤ 2,860 ብር። በትግሉ መካከል ከሦስቱ አንዱ ወረቀቱን ትንሽ ቀደም ብሎ እንደለቀቀው አስተውያለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ እሱ ያውቀዋል። ወደ ቢሮ ስንመለስ "ዛሬስ አንበሸበሽከን" አሉኝ። ማታ ልጄ ለሥዕል ትምህርት ቀለም እንደሚያስፈልጋት ስትነግረኝ "ነገ" አልኳት። ነገ ደግሞ የሌላው ተራ ነው፤ እሱን ለማሸነፍ መዘጋጀት አለብኝ።

ይሄ ግን የዕለት ዳቦው ነው። ይሉኝታ ጡንቻውን የሚያሳየው ድግስ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች፤ በ40 ቀኑ ክርስትና ሊነሣ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን የጠየቀችን ሕፃኑንና የክርስትና አባቱን ነው። ድንኳኑን እሷ አልጠየቀችም። የኪራይ ወንበሩን፣ ሁለቱን በጎች፣ ቪዲዮ ቀራጩን፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ለቤተሰቡ ሁሉ የተሰፋውን አንድ ዓይነት ጥልፍ የጠየቀው ሌላ ነው። እኔ "ትንሽ ቀለል ብናደርገው" ብዬ ጀምሬ ነበር። እናታችን ከወንበሯ ሳትነሣ "ሰው ምን ይላል?" አለች። ውይይቱ በዚሁ ተዘጋ። የድርሻዬን ለማዋጣት ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለትን ሰው ለምኜ፣ ከደረሰው ላይ ለእሱ የሚቀር ጠቀም ያለ ጉርሻ ትቼ ዕጣውን ገዛሁ። ወር እየጠበቅኩ ልቆጥበው የነበረውን የራሴን ብር በትርፍ ገዛሁት ማለት ነው። ሕፃኑ ስሙን ሳይለምድ ለአምስት ቤተሰብ ዕዳ ምክንያት ሆነ። ሰው ምን አለ? በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ በር ላይ "ወጡ ጨው በዝቶበታል" አለ።

ቀለል ያለ ድግስ ያደረገ ሰውም አውቃለሁ። ሠርጉን በሃያ ሰው ቡና አድርጎ፣ የቀረውን የቤት ኪራይ ቅድሚያ ከፈለበት። እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሣ "ያ ቆንቋና" ይባላል። ተበድሮ ሦስት መቶ ሰው ያበላውና ጫጉላውን ከአበዳሪ ተደብቆ ያሳለፈው ጎረቤቱ "ደግሶ ያገባ" ነው።

አራጣ ላይ ያለንን ጨዋነት አለማንሳትም ንፉግነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች ብድር ላይ ወለድ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የሰፈራችን አበዳሪ የሚጠይቀው 10 ነው። ከሕጉም በሁለት ዝቅ ያለ! ሕጉ የሚቆጥረው በዓመት፣ እሱ የሚቆጥረው በወር መሆኑን የሚያነሣ ሰው ነገር ፈላጊ ነው። ያው ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ይሁን ይላል፤ ከወዳጅ ሲበደሩ "እንፈራረም" ማለት ግን እንዴት ያለ ነውር ነው! ወዳጅን ማጣት የሚገባው ኋላ፣ በመክፈያው ጊዜ ነው እንጂ በብድሩ ዕለት አይደለም።

በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ፣ ነገራቸው እስኪያልቅ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ታስረው አብረው ይውሉ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ኋላቀር አሠራር ነው እንል ይሆናል። እኔ ግን አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ቁራኛ ቢያንስ የሚታሰረው ከአንድ አበዳሪ ጋር ነበር፤ መንደሩም አይቶ ያውቃል፣ ባለዕዳውን ማንም ድግስ አዋጣ አይለውም። እኔን ሰባት ሰዎች በስልክ አስረውኛል፤ አራቱ ስማቸው የተመዘገበው "ቧንቧ ሠራተኛ" በሚል ነው። ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ይህን ያህል የሚያፈስ ቧንቧ የት እንዳለ ጠይቃኝ ታውቃለች።

ጳጉሜን ሳላነሣ ባልፍ ትቀየመኛለች። ለጎብኚ "የ13 ወር ጸጋ" ብለን ስናስተዋውቃት የኖርናት አገር ደመወዝ የምትከፍለው ለ12ቱ ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን፣ በሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ትቀመጣለች፤ ትበላለች፣ አትከፍልም። ከእሷ ማግስት እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት ምዝገባና ዩኒፎርም፣ መስከረም 17 መስቀል። ዶሮ 12 ብልት አላት፣ ዓመቱም 12 ደመወዝ አለው፤ 13ኛው ተመጋቢ ግን ሁሌም በሰዓቱ ይመጣል። ሌላው ቢቀር ጳጉሜን "ስልክ የማይነሣበት ወር" ብሎ በአዋጅ መደንገግ ይቻል ነበር።

ይሉኝታ ቪዛ እንደማይጠየቅም ከአክስቴ ልጅ ተምሬያለሁ። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ትሰበስባለች። ክርስትናው ሲነገራት ከክሬዲት ካርዷ አውጥታ ላከች። እኛ እዚህ "አሜሪካ ላይ ያለችው እንኳን አላነሰችም" እያልን መዋጯችንን ከፍ አደረግን። እሷ ደግሞ እዚያ ሆና "እዚያ በችግር ያሉት ይህን ያህል ካዋጡ" ብላ ጨመረች። እንዲህ በውቅያኖስ ማዶና ማዶ ሆነን ስንተዛዘን ከረምን፤ የበለጠ ያተረፈው ባለድንኳኑ ነው።

ዕዳ ሁሉ የይሉኝታ ነው አልልም። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ለእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ስንት እንደምከፍል አውቃለሁ። አከራይ በሩን ሲያንኳኳ ይሉኝታ ይዞት አያውቅም። ለመድኃኒትና ለጣራ የሚበደር ሰው ላይ አላሾፍም። ያሾፍኩት የመድኃኒቱን ብር ይዞ "ወዲህ አምጪው ሒሳቡን!" በሚለው ሰው ላይ ነው፤ ከላይ እንደገለጽኩት በደንብ አውቀዋለሁ።

ባለቤቴ መምህርት ናት። በቀደም ማታ የልጆቹን የቤት ሥራ አይታ ስትጨርስ፣ ከእነሱ ደብተር ላይ አንድ ባዶ ገጽ ቀደደችና "ሁሉንም ንገረኝ፣ ቧንቧ ሠራተኞቹንም" አለችኝ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ጻፈቻቸው። የባለሱቁ ዱቤ፣ የስልኩ፣ የማኅበሩ፣ የዕቁቡ፣ የሰፈሩ። ስንት ብር ለምን እንደወጣ ከጎኑ ጻፈች። ለቤታችን የወጣው ከገጹ ግማሽ አልሞላም። ከቀረው ፊት ለፊት "ለሰው" ብላ ጻፈች፤ እኔ የሒሳብ ሰው ነኝና "ልዩ ልዩ ወጪ" ቢባል ይሻላል ብዬ ነበር።

"ከነገ ጀምሮ የለንም እንላለን" አለች።

"ለማን?"

"ለጠየቀን ሁሉ።"

ደነገጥኩ። የሠራሁትን ስም በአንድ ሌሊት ልታፈርሰው ነው። "ሰው ምን ይላል?" አልኳት፤ ድምፄ የእናቴን ድምፅ መሰለኝ። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤት እንደደረሰች ለሥራ ባልደረባዋ ስጦታ ሲዋጣ "ዘንድሮ እኛ የለንም" አለች። እንዲሁ፣ ሰማይ ሳይደፋ።

ወሬ ከታክሲ ይፈጥናል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ያ ሁለት ሺህ ብር የላክሁለት ጓደኛዬ ነው። ሁለት ደመወዝ አልፏል፤ አልመለሰልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰላምታው ዛሬ አጭር ነው፤ ውሻውንም አልጠየቀ። "ምነው፣ ሰው ቸገራቸው ሲል እሰማለሁ! እኔ እያለሁ? አምስት ሺህ ብር አሁን እልክልሃለሁ፣ የለም እንዳትለኝ፣ ሞቼ ልገኝ!"

ከየት አምጥቶ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ።